የጦሳው ጠጪ

«ያቺን ጫፍ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ፣ እናቴ» አለ ወጣቱ።

እትዬ ሶልያና የሜትሩን ጫፍ ከፍ አደረጉለት። ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አልወጣም ካለ ሰንብቷል። ሆኖም ለሥራ የመጣን ሰው ማጉላላት ነውር ነው፤ በእግራቸው ጣት ተንጠራርተው ጫፏን ከመስኮቱ ማዕዘን ላይ በአውራ ጣታቸው ያዙለት። ወጣቱ በወዲያኛው በኩል ቁጥሩን አንብቦ ለሚስቱ ነገራት።

«እንግዲያው ሶፋው ይገባል» አለች ሚስቱ፣ ደስ ብሏት።

ሶፋ የሚለው ነገር እትዬ ሶልያናን ትንሽ ግር አላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት መጋረጃ ነው። ደረጃው ሥር ልብስ የምትሰፋው ፈርዶስ «መስኮቱን የሚለካ ሰው እልክልዎታለሁ» ካለቻቸው ሰነባብታለች። ዛሬ በራቸው ተንኳኩቶ ሜትር የያዘ ልጅ ከነሚስቱ ቆሞ ሲያዩ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ዘገያችሁብኝ እኮ» ብለው አስገቧቸው። ልጆቹም «ይቅርታ እናቴ፣ ጉም ይዞን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ደሴ ውስጥ ጉም ያዘኝ ያለ ሰው ሌላ ማስረጃ አምጣ አይባልም።

ቆሎ ቀረበ። ልጅቷ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘች።

«እርስዎ ነዎት እንዲህ አድርገው የሚያጸዱት?»

«ታዲያ ማን ሊያጸዳልኝ፣ የኔ ዓለም?»

«እንዴት ደስ ይላል! ባዶ ቤት አቧራ ይይዛል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

እትዬ ሶልያና ሳቅ አሉ። የዘንድሮ ልጆች ዕቃ ያልታጨቀበትን ቤት ሁሉ ባዶ ይሉታል።

«የባለቤቷን ዕቃስ መች ነው የሚያነሱት?» አለ ወጣቱ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ለማጣደፍ አይደለም። ቁም ሳጥኑ ግን ከባድ ነው፤ ካስፈለገ እኔም አግዛለሁ።»

«የየትኛዋ ባለቤት?»

«የሴትዮዋ።» እጅጌውን ሰብስቦ ከአንጓው ላይ ካሰረው ሰሌዳ አነበበ። «ሶልያና የሚባሉ።»

«ሶልያና እኔ ነኝ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ልጅቷ ቆሎውን ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ መለሰች።

«አሉ እንዴ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የሉም ተብለን ነው እኮ የመጣነው።»

የልጁ ስም ዳምጤ፣ የልጅቷ አስካለ ነው። ጊዜው እንዲህ ሆኗል፤ ሶልያናና ናሆም የሚባሉት ጥርሳቸው ረግፎ በከዘራ ሲሄዱ፣ ዳምጤና አስካለ የሚባሉት ገና ትዳር ጀማሪ ናቸው። ስም እንደ ጋቢ ነው፤ አንዱ ትውልድ አውልቆ የጣለውን ሌላው ብርድ ሲነካው ያነሳዋል። ሁለቱም መጥፎ ልጆች አልነበሩም። ከበሩ ላይ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁ። አስካለማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዳምጤ በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«ካሉ በጣም ደስ ይለናል፣ እናቴ። ከሌሉ ግን ቶሎ ያሳውቁን።»

*

በጦሳ ተራራ አናት ላይ ስላለው ጥቁር መስታወት ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። የወረቀት ስሙ ረጅም ነው፤ ሰው ግን ጠጪው ይለዋል። በየሩብ ዓመቱ በተወሰነለት ቀን፣ እያንዳንዱ ቤት በመስኮቱ በኩል ወደ ጦሳ አንድ ጊዜ፣ አንዲት የብርሃን ምት ይልካል። ምቷ የነዋሪውን ድምፅ ትሸከማለች። ድምፁም አንድ ቃል ነው፦ አለሁ።

ጠጪው የየቤቱን ድምፅ ከሚቀበለው መስሚያ ፊት ተገትሮ ደካማ ብርሃን ሲመጣ ይጠጣዋል። ጫጫታ ለማጥራት ነው ተብሎ ነበር ሲተከል፤ በየቤቱ የሚንሾካሾክ፣ በየመስኮቱ የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወደ ላይ ከወጣ መስሚያው ምኑን ከምኑ ይለያል? ብርቱ ብርሃን ሲመጣ ግን ጠጪው ይጠግባል። ሲጠግብም ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ያሳልፋል። ወዲያው ተመልሶ ይጠማል።

ምቷን የሚልከውን ዕቃ ሰው ፋኖስ ይለዋል፤ ቁመቱ የሻይ ፔርሙስ ያክላል። አዳዲሶቹ ቤቶች አዲስ ፋኖስ አላቸው፤ እነ እትዬ ሶልያና በሚኖሩበት በሆጤ ሰፈር ያሉት አሮጌ ፎቆች አሮጌ። የአለሁ ቀን ሲደርስ የመስኮት መስታወት በሎሚ ይታሻል። በጦሳ በኩል ልብስ አይሰጣም። ከሰል አይያያዝም፣ ምንጣፍ አይራገፍም። ከቃሏ ላይ መጨመርም ክልክል ነው፤ ቃል በረዘመ ቁጥር ብርሃኑ ይሳሳል። በመጀመሪያው ዓመት «አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያሉ፣ «አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ያሉ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን አጥተዋል። አሁን ልጆች ሳይቀሩ ምስጋናውን በልብ ማለት ለምደዋል።

አንድ ጊዜ ያልተሰማ ሰው ቤቱ ለሌላ ይታጫል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያልተሰማን መኪና መጥቶ ይወስደዋል። የሚወሰደውም ክፉ ቦታ አይደለም ይባላል፤ ወደ ታችኛው ሰፈር ነው። ውሃ አለ፣ መብራት አለ። ጦሳ ብቻ አይታይም።

ማስጠንቀቂያም አይላክም። ማስጠንቀቂያ የሚላከው ለነዋሪ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ነዋሪ የለውም።

*

በማግስቱ እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን አጣፍተው ፒያሳ ወደሚገኘው የነዋሪዎች መስኮት ወረዱ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ጦይባ ነበረች፣ የሰፈራቸው ልጅ።

«ጦይባ፣ የኔ ልጅ፣ የለሽም አሉኝ እኮ!»

«ሰምቻለሁ እትዬ። አዝኛለሁ።»

«ይኸው አለሁ።»

«እያየሁዎት ነው።»

«እንግዲያውስ ጻፊያ!»

«ማየት ማስረጃ አይሆንም፣ እትዬ» አለች ጦይባ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ድሮ ሰው በዓይኑ እያየ ሲመዘግብ ዘመዱን ያይ ነበር፤ የሰጠውን ያይ ነበር፤ ሌላውን አያይም። ዓይን የቀረው ለዚህ ነው። መስታወቱ ዘመድ የለውም።»

«አንቺስ? እኔን አታውቂኝም?»

«እንዴት አላውቅዎትም! ስወለድ ያጠቡኝ እርስዎ አይደሉ? እናቴ ሁሌ ታወራዋለች።»

«ሳላጥብሽ በቀረሁ!» አሉ እትዬ ሶልያና። ጦይባ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ልጅቷ ጣቷን በጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተች ያለፈውን ዙር ፈለገች። «ማንን ተከትለው ነበር የላኩት?»

እትዬ ሶልያና አፈሩ። ጅራት መያዝ የሚባል ነገር አለ፤ ደካማ ፋኖስ ያለው ሁሉ ያደርገዋል፣ ማንም አላደረግሁም ይላል። ሀብታም ሰው ብርሃኑን ሲለቅ ጠጪው ይጠግባል፤ ሳይጠማ ቶሎ ብሎ ከኋላ መግባት ነው። በነሱ በኩል ብርቱ ብርሃን ያለው ዳገቱ ላይ አዲስ ቤት የሠራው አቶ ኬብሮን ነው። የሱ ብርሃን ሲነሳ ጉሙን እንደ ወተት ያፈላዋል።

«የኬብሮንን» አሉ በመጨረሻ።

«ውይ እትዬ! አልተከተሉትም እኮ። አብረውት ነው የገቡት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የአቶ ኬብሮን ብርሃን ሄዶ አይቀርም፤ መልስ ይዞ ይመለሳል። ሂያጁና ተመላሹ መስታወቱ ሆድ ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለት ማዕበል ሲገናኝ አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋል፣ አንዱ ቦታ ላይ ይጠፋፋል። የተደጋገፉበት ቦታ ጠጪው ጠግቦ ይጠራል፤ የተጠፋፉበት ቦታ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ትልም ማለት ነው፣ የታረሰ ማሳ ዓይነት። በዚያ ሰዓት ደካማ ብርሃን ከገባ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ትልሙ ይይዘውና ወደ ብርቱው ያፈሰዋል።»

«ወደ ኬብሮን ማሳ።»

«እንደዚያ ነው። የእርስዎ ድምፅ አልጠፋም፤ አቶ ኬብሮን ሁለት ጊዜ አሉ ተብሎ ነው የተመዘገበው።»

«ይመልስልኛ ታዲያ!»

«አንዴ የተቀላቀለ ብርሃን የማን እንደነበረ አይለይም። ደግሞ...» ጦይባ ትንሽ አመነታች። «ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሰው ስላለ፣ አንድ ክፍል ተጨምሮላቸዋል።»

እትዬ ሶልያና ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ እጃቸውን አነሱ። ባላቸውን ከቀበሩበት ቀን ወዲህ ሰው ፊት አልቅሰው አያውቁም፤ አሁንም አላለቀሱም። ነጠላቸውን ብቻ እንደገና አጣፉት፣ በደንብ የተጣፋውን።

ጦይባ ግራ ቀኝ አይታ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ እኔ አልነገርኩዎትም። ጠጪው የግድ በአንድ ሀብታም አይደለም የሚጠግበው። ብዙ ደካማ ፋኖስም ያጠግበዋል፤ እኩል ከገባ። ጊቢያችሁ በሙሉ በአንድ ቅጽበት ቢለቅ ሁሉም ያልፋል፣ በየስሙ። እኩል ግን። ከተንጠባጠበ የፊት የፊቱን እየጠጣ ነው የሚቀበላችሁ።»

*

ጋሼ ናሆም ከእትዬ ሶልያና ፊት ለፊት ያለው በር ባለቤት ናቸው። በወጣትነታቸው ባጃጅ ይጠግኑ ነበር። ባጃጅ ከምድር ሲጠፋ ወደ ሰው ዞሩ፤ በአሽሙር ይፈቱታል፣ በአሽሙር ይገጥሙታል። ቀኑን ሙሉ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ወጪ ወራጁን ሲመረምሩ ይውላሉ። ከእትዬ ሶልያና ጋር ትምህርት ቤት አብረው ስለሄዱ፣ ሁለቱ አዛውንቶች ዛሬም «ናሂ» እና «ሶሊ» ነው የሚባባሉት። ለሰሚው ያስቃል።

«ናሂ፣ የለሽም ተባልኩ።»

«ታዲያ ትናንት ሽንኩርት የተበደረችኝ ማን ነች?» አሉ ጋሼ ናሆም። «መመለሷን እንግዲህ ተስፋ ልቁረጥ።»

«አትቀልድ። ከበሬ በላይ ያለችው መብራት ከጠፋች ቆይታለች። አረንጓዴዋ፣ ለተሰማ ቤት የምትበራው። አምፖሉ ተቃጥሎ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«የኔም ተቃጥሏል» አሉ ጋሼ ናሆም፣ ወደ ደረጃው ታች እያዩ። «የዘንድሮ አምፖል አይበረክትም።»

እትዬ ሶልያና ጦይባ ያልነገረቻቸውን ሁሉ ነገሯቸው። ጋሼ ናሆም ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አዳመጡ።

«እኩል?» አሉ። «ይሄ ጊቢ? ቀብር እንኳ እኩል ደርሶ የማያውቅ ጊቢ?»

«እንሞክረዋ!»

«እንሞክር እንጂ። ምን ቀረብን።»

የእድሩ ሰዎች እሁድ ተሰበሰቡ። ነገሩ የእትዬ ሶልያና ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገብቶታል፤ በጊቢው ያለው ፋኖስ ሁሉ ያረጀ ነው፣ ዛሬ የተሰማ ነገ ላይሰማ ይችላል። እኩል ስለ መልቀቁ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ ስለ ምልክቱ ሆነ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እንልቀቅ» አሉ ጋሼ ናሆም።

«ሦስት ሲባል ነው ወይስ ሦስት ከተባለ በኋላ?» አለ አንዱ።

«ሦስት ሲባል።»

«ሲባል መጀመሪያው ላይ ነው መጨረሻው ላይ?»

ጋሼ ናሆም «በስመ አብ!» አሉና ተቀመጡ። ፉጨት ይሁን ተባለ፤ የሚያፏጭ ጥርስ ያለው ጠፋ። ጭብጨባ ይሁን ተባለ፤ ፋኖስ በሁለት እጅ ይያዛል። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ፈርዶስ ተነሳች።

«ምን አደከማችሁ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር በባዶ አፍ ይጀመራል? ሸህ ሙአዝ ይመርቁን፤ አሜን ስንል እንጫን።»

ጉባኤው እፎይ አለ። እውነት ነው፤ ይህ ጊቢ በምንም ባይስማማ አሜንን አብሮ ማለት ያውቅበታል። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ይላታል፣ ያዘነውም የተጣላውም። ጋሼ ናሆም እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የትኛውን አሜን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

*

የአለሁ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ አናት ቀስ ብሎ ወረደ። ሁሉም ፋኖሱን ይዞ በጊቢው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በየመስኮቱ ከመሆን አብሮ መሆን ይሻላል ተብሎ። ተራራው ላይ መስታወቱ ይታያል፤ ጥቁር፣ ትንሽ፣ የተራራው ግንባር ላይ እንዳለ ማርያም የሳመችው ምልክት። የአቶ ኬብሮን ብርሃን ገና አልተነሳም።

ሸህ ሙአዝ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መሐል ገቡ። የሰፈሩ አንጋፋ ናቸው፤ ድምፃቸው ቢደክምም ዱዓቸው አልደከመም። እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ሶልያናም ፋኖሳቸውን በጉልበታቸው መሐል አጣብቀው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ከፈቱ። ምርቃቱ ለእሳቸው ነው፤ የሚመረቅ ሰው እጁን ዘግቶ አይቆምም።

«ያ ረቢ» አሉ ሸህ ሙአዝ፣ «ጉሙን የገለጥክልን፣ ፊትህን አትሰውርብን።»

«አሜን!» አለ ጊቢው።

ጠቅ አለ አንድ ፋኖስ። ጋሼ ናሆም ነበሩ። አሜን ተብሏል፣ «አለሁ» ብለው ተጭነዋል። ከሳቸው ጋር ሁለት ሰዎችም ጠቅ አደረጉ። ሦስት ቀጫጭን ብርሃኖች ወደ ጦሳ ሄዱ።

የቀረው ሰው ግን የሸሁን አፍ አየ። ሸሁ አላበቁም። ምርቃት እየፈሰሰ እጅን ወደ ሌላ ነገር መስደድ፣ ለዚያውም ቁልፍ መጫን፣ በወሎ ምድር አይደረግም።

«ቤታችንን ከነጣቂ፣ ልጆቻችንን ከመንገድ ክፉ ጠብቅልን።»

«አሜን!»

ጠቅ፣ ጠቅ። ግማሹ ጋሼ ናሆምን አይቶ ደንግጦ ነው የተጫነው፤ ግማሹ ደግሞ የተጫኑትን በዓይኑ እየገሠጸ ቆመ። ጋሼ ናሆም «አሁን! አሁን ልቀቁ!» ብለው ጮኹ። ፈርዶስ «ኧረ ዝም ይበሉ ጋሼ፣ ዱዓ ላይ ነን!» አለቻቸው።

«ሶልያናን» አሉ ሸህ ሙአዝ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ሶልያናን በቤቷ አጽናልን። ጎረቤትን ከጎረቤት አትለይብን።»

«አሜን!»

የቀረው ሁሉ ለቀቀ። ፋኖሶቹ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ተንጠባጠቡ። እትዬ ሶልያና ግን የተከፈተ መዳፋቸውን መጀመሪያ ወደ ፊታቸው አመጡት፤ ምርቃቱን ፊታቸው ላይ አበሱት፣ በደንብ፣ ከግንባር እስከ አገጭ። ከዚያ በኋላ ነው ፋኖሱን ከጉልበታቸው መሐል አንስተው «አለሁ» ያሉት። የመጨረሻዋ ብርሃን የሳቸው ነበረች።

ሜዳው ላይ «ማን ነው የቀደመው?» የሚል ተነሳ፤ «ማን ነው የዘገየው?» የሚል መለሰለት። ጋሼ ናሆም ብቻ አልተከራከሩም። ወደ ደረጃቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ዳገቱ ላይ የአቶ ኬብሮን ብርሃን ተነስቶ ጉሙን ሲያፈላው በዚያ ሆነው አዩ።

*

ሲነጋ ከእትዬ ሶልያና በር በላይ አረንጓዴዋ መብራት በርታ ነበር። እትዬ ሶልያና በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው አዩዋት። ግድግዳውን ሳሙት። ከዚያ ዘወር ሲሉ የጋሼ ናሆም በር ላይ ጨለማ ነው። ከታች ሌሎች ጨለማ በሮችም አሉ፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አሜን የተጫኑት ሰዎች በሮች።

«አይዞን» አሉ እትዬ ሶልያና ለራሳቸው። አንድ ጊዜ ያልተሰማ አይወሰድም፤ ሌላ ዙር አለ። ለዚያኛው ዙር ምልክቱን እናስተካክላለን። ለናሆም ሊነግሩት በሩን አንኳኩ።

በሩ ክፍት ነበር። ውስጥ ሁለት ሰዎች ካርቶን እያጠፉ ነው። ጦይባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ጋሼ ናሆም በአንድ ጨርቅ ውስጥ መፍቻዎቻቸውን እየጠቀለሉ ነበር፤ የባጃጅ መፍቻ፣ ለማንም የማይረባ።

«ምን እየሆነ ነው? ጦይባ፣ ተሳስታችኋል! አንድ ጊዜ ነው ያልተሰማው። ይሄ ሰውዬ ዙር ይቀረዋል!»

«ሁለተኛቸው ነው፣ እትዬ» አለች ጦይባ።

እትዬ ሶልያና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ናሂ!»

«አምፖል ነው ብዬሽ አልነበር?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ቀድመሽ የለሁም አልሽ» አሉ ጋሼ ናሆም፣ ጨርቁን እየቋጠሩ። «ሰው የለሁም ሲል እኔም የለሁም ብሎ መደረብ ደግ አይደለም።»

እትዬ ሶልያና መቀመጫ ፈለጉ፤ ወንበሩ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ወደ ጦይባ ተመለሱ።

«እኔ እንዴት አለፍኩ ታዲያ? የኔ ፋኖስ ከሱ ምን ይሻላል?»

ጦይባ መሬት መሬት አየች። «አይሻልም። ጠጪው የፊተኞቹን ጠጥቶ ነው የጠገበው። የጋሼ ናሆምን፣ ከዚያ የሌሎቹን። እርስዎ ሲደርሱ ክፍት ነበር።»

«የሱን ጠጥቶ ነው እኔን ያሳለፈኝ?»

«መስታወት ነው፣ እትዬ። ማንን እንደጠጣ አያውቅም።»

«አንቺ ግን ታውቂያለሽ!»

ጦይባ ፊቷን ወደ ካርቶኖቹ አዞረች። ካርቶን የሚያጥፉት ሰዎችም እንዳልሰማ ሆኑ፤ ሥራቸው ነው።

«እሺ» አሉ እትዬ ሶልያና። «እኔ ቤት ይግባ። ሁለት ክፍል ነው፤ አንዷ ለኔ ይበቃኛል። ጎረቤቴ ነው፣ ወንድሜ ነው። ማን ይከለክለኛል?»

«ከእርስዎ ቤት የተሰማው አንድ ሰው ነው።»

«ኬብሮን ሁለት ሰው ሆኖ የለም እንዴ? ብቻውን!»

«እሳቸው ሁለት ጊዜ ተሰምተዋል» አለች ጦይባ። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም።

ጋሼ ናሆም ከዘራቸውን አነሱ። «ተይው ሶሊ። ታች ሰፈር ጦሳ አይታይም አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ እሱን እያየሁ አንገቴ ተጣሟል፤ ትንሽ ልረፍ።»

«ሽንኩርትህን እንኳ አልመለስኩልህም» አሉ እትዬ ሶልያና፣ ሌላ የሚሉት ቢያጡ።

«የሌለ ሰው ሽንኩርት ምን ያደርግለታል?»

ጋሼ ናሆም ጥቅላቸውን ይዘው በደረጃው ወረዱ፤ እትዬ ሶልያና የጎረቤታቸው ከዘራ እንዳይንሸራተት ክንዳቸውን ይዘውላቸው። የተሰማውም ያልተሰማውም ከየበሩ ወጥቷል። ትናንት «ዱዓ ላይ ነን» ብላ የተቆጣችው ፈርዶስ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ማንም «አይዞህ» አላለም፤ አይዞህ ለሚመለስ ሰው ነው።

ከመኪናው አጠገብ ሸህ ሙአዝ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። የሆነው ሁሉ ተነግሯቸዋል። ትናንት ማታ እራት አልበሉም ይባላል።

«ናሆም፣ ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን እየዘረጉ። «ሰው ከሰፈሩ እንዲህ በባዶ አይወጣም። ቁም፤ መንገዱን ልመርቅልህ።»

ጊቢው በሙሉ መዳፉን ከፈተ። የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ጋሼ ናሆም ጥቅላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ከዘራቸውን በብብታቸው ሸጎጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በአንድ አሜን የሚያልቅ ነው፣ አባቴ?»